የደብተር የጨርቅ ሽፋን

የደብተር የጨርቅ ሽፋን ደብተርን፣ የማስታወሻ መያዣን ወይም መጽሐፍን ከውጭ ለማልበስ ከጨርቅ የሚሰፋ፣ ያለ ማጣበቂያ የሚገባና ሲፈለግ የሚወልቅ ልብስ ነው። በቀኝና በግራ ጫፉ ሁለት ኪሶች አሉት። የደብተሩ የፊትና የኋላ ሽፋኖች በእነዚህ ኪሶች ውስጥ ስለሚገቡ ጨርቁ ያለ ሙጫ ጸንቶ ይቀመጣል። ደብተሩ ተጽፎ ሲያልቅ ሽፋኑ ወልቆ ይታጠብና ለሚቀጥለው ደብተር ያገለግላል። የወረቀትና የላስቲክ መሸፈኛ ግን ብዙ ጊዜ ከደብተሩ ጋር አብሮ ይጣላል።

ሥራው ቀላል ቢመስልም ውጤቱ የሚወሰነው በልክ ነው። ግማሽ ሴንቲሜትር የጠበበ ሽፋን ደብተሩን አያዘጋም፤ ወይም የደብተሩን ሽፋን ያጣምማል። አንድ ሴንቲሜትር የሰፋ ደግሞ እየተንሸራተተ ይወልቃል። ስለዚህ ይህ ሥራ ለጀማሪ ሰፊ አለካክን፣ የስፌት ትርፍንና የጨርቅ ጠባይን በአንድ ላይ የሚያስተምር መልመጃ ሆኖ ያገለግላል።

== ስያሜ ==

«ደብተር» የሚለው ቃል ከዐረብኛው «ደፍተር» ጋር አንድ ሲሆን፣ የሁለቱም ምንጭ የግሪክኛው «ዲፍቴራ» ነው። የዚህ ቃል የመጀመሪያ ትርጉም የተዘጋጀ ቆዳ ማለት ነበር። ቃሉ ወረቀት ከመስፋፋቱ በፊት በቆዳ ላይ ይጻፍ የነበረበትን ዘመን ያስታውሳል።

የመጽሐፍ መያዣን የሚመለከተው ሌላው የቆየ ቃል «ማኅደር» ነው። ኀደረ (አደረ፣ ተቀመጠ) ከሚለው የግዕዝ ግስ የወጣ ሲሆን ማደሪያ ማለት ነው። በጥንት አጠራር የብራና መጽሐፍ የሚያድርበት የቆዳ ከረጢት ማኅደር ይባላል። ዛሬ ደግሞ ቃሉ በመሥሪያ ቤቶች ሰነድ የሚቀመጥበትን ፋይል ለመጥራትም ያገለግላል።

== ታሪክ ==

=== በኢትዮጵያ ===

በኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ከፍየል ወይም ከበግ ቆዳ በተዘጋጀ ብራና ይጻፉና በሁለት የእንጨት ገበታዎች መካከል ይጠረዛሉ። ገበታዎቹ ብዙ ጊዜ ጌጥ በታተመበት ቆዳ ይለበጣሉ። ቆዳው ወደ ውስጥ ሲታጠፍ በገበታው የውስጥ ገጽ መካከል አራት ማዕዘን ባዶ ቦታ ይተዋል። ይህን ቦታ ባለ ቀለም ጨርቅ ለጥፎ መሙላት የተለመደ ነው። ከዚህም ሌላ በቆዳው ጥራዝ ላይ ተጨማሪ የጨርቅ ልብስ የተሰፋላቸው ብራናዎች አሉ። ይህ ልብስ ቆዳውን ከእጅ ቅባት፣ ከአቧራና ከመፋተግ ይጠብቀዋል። መጽሐፉ በመጨረሻ ወደ ማኅደሩ ይገባና በማንገቻው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ሲፈለግም በትከሻ ተንጠልጥሎ ይጓጓዛል።

እዚህ ላይ የሚታየው አሠራር ሁለት ደረጃ አለው፦ ከመጽሐፉ ጋር ተጣብቆ የሚኖር ለባሽና መጽሐፉን ሳይነካ ከውጭ የሚጠብቅ መያዣ። የዛሬው የደብተር የጨርቅ ሽፋን የሚመደበው በሁለተኛው ወገን ነው።

=== በአውሮፓ ===

በመካከለኛው ዘመን በአውሮፓ ለጸሎት መጻሕፍት ከቆዳ ወይም ከጨርቅ የተሠራ ተጨማሪ ልብስ ይደረግላቸው ነበር። በውስጡ የመጽሐፉ ገበታዎች የሚገቡባቸው ኪሶች ነበሩት። ጠርዙ ከመጽሐፉ አልፎ ስለሚንጠለጠል፣ መጽሐፉ ሲዘጋ የገጾቹን ዳር ይጠቀልል ነበር። ሲነበብም እጅ በቀጥታ ገበታውን እንዳይነካ ያደርጋል።

የዚሁ ዘመድ የሆነው የመቀነት መጽሐፍ ነው። በዚህ ዓይነት የሽፋኑ ቆዳ ከመጽሐፉ ግርጌ ረዝሞ ይወጣና ጫፉ ይቋጠራል። ባለቤቱ ቋጠሮውን በመቀነቱ ሥር አሾልኮ መጽሐፉን ተዘቅዝቆ እንዲንጠለጠል ያደርገዋል። ወደ ላይ ሲያነሣው ጽሑፉ ቀጥ ብሎ ይነበባል።

=== በጃፓን ===

በጃፓን መጽሐፍን በሽፋን ማልበስ የዕለት ተዕለት ልማድ ነው። መጻሕፍት ቤቶች ለገዢ የወረቀት ልብስ አልብሰው ይሰጣሉ። ከዚህም ጎን ለጎን ለትንንሽ የኪስ መጻሕፍት የሚሆኑ የጨርቅ ሽፋኖች በስፋት ይሰፋሉ፣ ይሸጣሉ። እነዚህ መጻሕፍት በኤ6 መጠን የሚታተሙ በመሆናቸው አንድ ሽፋን ለብዙ መጽሐፍ ይሆናል። የመጽሐፎቹ ውፍረት ስለሚለያይ ግን አንዱን ጫፍ ሳይሰፉ ነጻ መተው የተለመደ ዘዴ ነው። ይህ ዓይነት ከዚህ በታች «ዓይነቶች» በሚለው ክፍል ተገልጿል።

=== በትምህርት ቤት ===

በኢትዮጵያ የትምህርት ዘመን በመስከረም ሲከፈት ደብተርና መጽሐፍ መለበድ የቤተሰብ ሥራ ነው። ለዚህም አሮጌ ጋዜጣ፣ ያለፈው ዓመት የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ፣ ወፍራም ቡናማ ወረቀት ወይም ላስቲክ ይውላል። የመማሪያ መጻሕፍት ለተማሪው በውሰት በሚሰጡበት ትምህርት ቤት መጽሐፉ በዓመቱ መጨረሻ ሳይበላሽ መመለስ አለበት፤ የተበላሸ መጽሐፍ የሚቀጥለውን ዓመት ተማሪ ይጎዳልና። በአሜሪካም የውሰት መጻሕፍትን በገበያ ከረጢት ቡናማ ወረቀት መለበድ የቆየ ልማድ ሲሆን፣ በኋላ የሚለጠጥ የጨርቅ ሽፋን ወደ ገበያ ገብቷል።

ከእነዚህ መለበጃዎች እያንዳንዱ የራሱ ጉድለት አለው። የጋዜጣ ወረቀት ቀለሙ እጅን ያጠቁራል፣ ቶሎ ቢጫ ይሆናል፣ በማዕዘኑ በኩልም ይቀደዳል። ለስላሳው ላስቲክ በሙቀት ጊዜ በመጽሐፉ ሽፋን ላይ ተጣብቆ የታተመውን ቀለም ሊያነሣ ይችላል። በተለጣፊ ፕላስተር የታሸገ ሽፋን ሲላቀቅ ደግሞ የመጽሐፉን ወረቀት ይልጣል። ኪስ ያለው የጨርቅ ሽፋን በመጽሐፉ ላይ ምንም ስለማይጣበቅ ከእነዚህ ችግሮች ነጻ ነው።

== ክፍሎች ==

ባለ ገበር የሆነ ሽፋን የሚከተሉት ክፍሎች አሉት።

* የውጭ ጨርቅ፦ የሚታየው ክፍል ነው። ከሁለቱ ጫፎቹ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ኪሶቹን ይሠራል።
* ገበር፦ በውስጥ በኩል የሚሰፋ ቀጭን ጨርቅ ነው። የስፌቱን ጥሬ ጠርዝ ይሸፍናል፣ ለሽፋኑም ጥንካሬ ይጨምራል።
* ኪስ፦ የደብተሩ ሽፋን የሚገባበት እጥፋት ነው።
* ጀርባ፦ የደብተሩን ውፍረት የሚሸፍነው መካከለኛ ክፍል ነው።
* ተጨማሪዎች፦ መዝጊያ ላስቲክ፣ አዝራር፣ የእስክሪብቶ ማስገቢያ፣ የገጽ ምልክት ጥብጣብና የመሳሰሉት።

== አለካክ ==

=== የደብተሩ ልክ ===

ደብተር የሚለካው ተዘግቶ ነው። በጀማሪዎች ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚታየው ስሕተት ደብተሩን ዘርግቶ መለካት ነው። ለስላሳ ሽፋን ያለው ደብተር ሲዘረጋ የጀርባው ውፍረት ይጠፋል፤ በዚያ ልክ የተሰፋ ሽፋን ሲዘጋ ይወጠራል። ትክክለኛው መንገድ የልብስ ሰፊ ሜትር ከፊት ሽፋኑ ክፍት ጠርዝ ጀምሮ በጀርባው ዞሮ እስከ ኋላ ሽፋኑ ክፍት ጠርዝ ድረስ መዘርጋት ነው። ይህ ልክ «ዙሪያ» ሊባል ይችላል።

ብዙ ማስታወሻ ደብተሮች የሚዘጋጁት ዓለም አቀፉን የወረቀት መጠን ደረጃ አይኤስኦ 216 ተከትለው ነው። ደረጃው በ1922 እ.ኤ.አ. በጀርመን ከወጣው ዲን 476 የመነጨ ሲሆን በ1975 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ሆነ። በዚህ ደረጃ ኤ4 ወረቀት 21 በ29.7 ሴ.ሜ. ነው። ኤ4 ለሁለት ሲታጠፍ ኤ5 (14.8 በ21 ሴ.ሜ.)፣ ኤ5 ለሁለት ሲታጠፍ ኤ6 (10.5 በ14.8 ሴ.ሜ.) ይሆናል። ይሁን እንጂ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ከገጾቹ ጥቂት ሚሊሜትር ስለሚበልጥ በስሙ ሳይተማመኑ ራሱን ደብተሩን መለካት ይገባል።

=== ስሌት ===

ለውጭው ጨርቅ የሚያስፈልገው አግድም ልክ የአራት ነገሮች ድምር ነው፦ ዙሪያ፣ መላወሻ፣ ሁለት ኪስና ሁለት ቅምቅማት። ቁመቱ ደግሞ የደብተሩ ቁመት፣ መላወሻና ከላይና ከታች የሚተው የስፌት ትርፍ ድምር ነው። መላወሻ ማለት ደብተሩ በጨርቁ ውስጥ እንዳይጨናነቅ የሚጨመር ጥቂት ቦታ ነው። ለመካከለኛ ጨርቅ 0.6 ሴ.ሜ. ይበቃል፤ እንደ ጂንስ ላለ ወፍራም ጨርቅ እስከ 1 ሴ.ሜ. ይደርሳል።

ለምሳሌ ውፍረቱ 1.2 ሴ.ሜ. የሆነ የኤ5 ደብተር ቢወሰድ፦

* ዙሪያ፦ 14.8 + 1.2 + 14.8 = 30.8 ሴ.ሜ.
* ከመላወሻ ጋር፦ 30.8 + 0.6 = 31.4 ሴ.ሜ.
* ሁለት ኪስ፣ እያንዳንዱ 7 ሴ.ሜ.፦ 14 ሴ.ሜ.
* ሁለት ቅምቅማት፣ እያንዳንዱ 1.5 ሴ.ሜ.፦ 3 ሴ.ሜ.
* የውጭ ጨርቅ አግድም፦ 31.4 + 14 + 3 = 48.4 ሴ.ሜ.
* ቁመት፦ 21 + 0.6 + 2 = 23.6 ሴ.ሜ.

ገበሩ ከታጠፈው ሽፋን 1 ሴ.ሜ. ያህል ይጠብባል፣ ለግራና ለቀኝ ጠርዙም በድምሩ 2 ሴ.ሜ. ይተውለታል። ስለዚህ አግድሙ 31.4 – 1 + 2 = 32.4 ሴ.ሜ. ይሆናል። ቁመቱ ከውጭው ጨርቅ ጋር እኩል 23.6 ሴ.ሜ. ነው።

በዚሁ ስሌት፦

* ኤ6፣ ውፍረት 1 ሴ.ሜ.፣ ኪስ 5 ሴ.ሜ.፦ የውጭ ጨርቅ 35.6 በ17.4 ሴ.ሜ.፣ ገበር 23.6 በ17.4 ሴ.ሜ.
* ኤ4፣ ውፍረት 1.5 ሴ.ሜ.፣ ኪስ 10 ሴ.ሜ.፦ የውጭ ጨርቅ 67.1 በ32.3 ሴ.ሜ.፣ ገበር 45.1 በ32.3 ሴ.ሜ.

የኪሱ ልክ የደብተሩ ሽፋን ግማሽ ያህል ቢሆን ጥሩ ነው። በጣም ያጠረ ኪስ ደብተሩ ሲከፈት ያመልጣል። በጣም የረዘመ ኪስ ደግሞ ጠንካራ ሽፋን ያለውን ደብተር ለማስገባት ያስቸግራል፤ ሁለቱም ሽፋኖች ወደ ኋላ ተጠማዝዘው መግባት አለባቸውና።

ስፋቱ 150 ሴ.ሜ. ከሆነ ጨርቅ አንድ ሜትር ቢገዛ ለኤ5 የሚሆን የውጭ ጨርቅ በአግድም 3፣ በቁመት 4፣ በድምሩ 12 ይወጣል። ከዚያው መጠን የገበር ጨርቅ 16 ቁራጭ ይወጣል። ከልብስ ሰፊ ቤት የሚተርፍ ቁርጥራጭም ለአንድ ሁለት ሽፋን ብዙ ጊዜ ይበቃል።

== የጨርቅ ምርጫ ==

ለዚህ ሥራ የሚመረጠው የማይለጠጥ፣ መካከለኛ ውፍረት ያለውና መታጠብ የሚችል ጨርቅ ነው።

'''አቡጀዲ'''ና ሌሎች ተራ የጥጥ ጨርቆች ለመቁረጥና ለመስፋት ይመቻሉ፣ ለገበርም ይሆናሉ። ብቻቸውን ለውጭ ሲውሉ ግን ስለሚሳሱ ከጀርባቸው ማጠንከሪያ ያስፈልጋቸዋል።

'''ካኪ፣ ጂንስና ሸራ''' ብርቱ ናቸው። ማዕዘናቸው ቶሎ አይበላም። ያረጀ የጂንስ ሱሪ እግር ለትንሽ ደብተር የሚበቃ ጨርቅ ይሰጣል። ችግራቸው ስፌት ተደራርቦ በሚያልፍባቸው ቦታዎች መወፈራቸው ነው።

'''ሸማ''' በእጅ የተሠራና ላላ ያለ ሽመና ስለሆነ ድርና ማጉ ከተቆረጠበት ጠርዝ ቶሎ ይተረተራል። ጥለቱን በሌላ ጠንካራ ጨርቅ ላይ በመደረብ ለጌጥ መጠቀም ይሻላል።

'''የተዳመጠ ሱፍ''' ድርና ማግ የለውም። ስለዚህ ጠርዙ አይተረተርም፣ መቀምቀምም አያስፈልገውም። ለልጆች መለማመጃ ተስማሚ ነው።

'''ፖሊስተር''' አይሰበስብም፣ ቶሎ ይደርቃል። ነገር ግን ስለሚያንሸራትት ለመቁረጥ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ካውያ ሲበዛበትም ይቀልጣል።

ጨርቅ ሲቆረጥ የድሩ አቅጣጫ ከደብተሩ ቁመት ጋር ወይም ከአግድሙ ጋር ቀጥ ብሎ መሄድ አለበት። ሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ ይለጠጣል፣ ሽፋኑም በአንድ ማዕዘን ተጎትቶ ይዛባል።

=== ከመቁረጥ በፊት ማጠብ ===

የጥጥ ጨርቅ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበስባል። በምሳሌው የተገለጸው የኤ5 ሽፋን ሲያልቅ ቁመቱ 21.6 ሴ.ሜ. ነው። ጨርቁ 4 በመቶ ቢሰበስብ ቁመቱ ወደ 20.7 ሴ.ሜ. ይወርዳል፤ ደብተሩ ግን 21 ሴ.ሜ. ነው። ይህም ማለት ሽፋኑ አንድ ጊዜ ታጥቦ ከዚያ በኋላ አይገባም ማለት ነው። ስለዚህ የውጩም የገበሩም ጨርቅ ሳይቆረጥ ታጥቦ፣ ደርቆና በካውያ ተተኩሶ ይቀርባል። የታጠበ ጨርቅ ከአልታጠበ ገበር ጋር ቢሰፋም አንዱ ሲሰበስብ ሌላው ይሸበሸባል።

== አሰፋፍ ==

=== መሣሪያዎች ===

የሚያስፈልጉት መቀስ፣ ሜትር፣ ማስመሪያ፣ ስፒል፣ መርፌ፣ ክር፣ ካውያና ምልክት ማድረጊያ ናቸው። ልብስ ሰፊዎች ለምልክት የደረቀና የሳሳ የሳሙና ቁራጭ ይጠቀማሉ፤ ሲታጠብ ይጠፋልና። በመኪና ሲሰፋ ለመካከለኛ ጨርቅ ቁጥር 90፣ ለጂንስ ቁጥር 100 መርፌ ይስማማል። የስፌቱ ርዝመት 2.5 ሚሊሜትር ገደማ ቢሆን ጥሩ ነው።

=== ባለ ገበር ሽፋን ===

ይህ አሠራር ጥሬ ጠርዞችን ሁሉ ወደ ውስጥ የሚደብቅ ሲሆን፣ ለመገልበጫ ተብሎ ክፍት የሚተው ስፌት አያስፈልገውም።

# የውጭው ጨርቅና ገበሩ በልካቸው ይቆረጣሉ። ጨርቁ ሳስቶ ከታየ በውጩ ጨርቅ ጀርባ ላይ በካውያ የሚለጠፍ ማጠንከሪያ ይደረጋል።
# የውጩ ጨርቅ ሁለት አጫጭር ጠርዞች መጀመሪያ 0.5፣ ቀጥሎ 1 ሴ.ሜ. ወደ ጀርባው ታጥፈው ይቀመቀማሉ። ጨርቁ አሁን 45.4 ሴ.ሜ. ይረዝማል።
# የገበሩ ሁለት አጫጭር ጠርዞች እያንዳንዳቸው 1 ሴ.ሜ. ታጥፈው ይቀመቀማሉ።
# የውጩ ጨርቅ ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል። ከግራና ከቀኝ 7 ሴ.ሜ. ወደ መሐል ይታጠፋል። በዚህ ጊዜ የጨርቁ ፊት ከፊት ጋር ይገናኛል፣ በእጥፋቱ ላይ የሚታየውም የጨርቁ ጀርባ ነው። የታጠፈው ርዝመት 31.4 ሴ.ሜ. መሆኑ በሜትር ይረጋገጣል።
# ገበሩ ፊቱን ወደ ታች አድርጎ በሁሉም ላይ ይነጠፋል። ከግራና ከቀኝ እጥፋት ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል ገባ ይላል። ሁሉም በስፒል ይያዛል።
# ከላይና ከታች ባሉት ረጃጅም ጠርዞች 1 ሴ.ሜ. ተትቶ ከዳር እስከ ዳር ይሰፋል። በስፌቱ መጀመሪያና መጨረሻ መኪናው ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሶ ስፌቱን ያጠብቃል። የግራና የቀኝ ጎን አይሰፋም።
# በአራቱ ማዕዘኖች ያለው የስፌት ትርፍ ሰያፍ ተቆርጦ ይሳሳል። መቀሱ ስፌቱን እንዳይነካ ይጠነቀቃል።
# እጅ በገበሩና በኪሱ እጥፋት መካከል ባለው የጎን ክፍተት ይገባና ሽፋኑ ይገለበጣል። ኪሶቹም ተገልብጠው ወደ ውስጥ ይቀመጣሉ። ማዕዘኖቹ ሹል ባልሆነ እንጨት ተገፍተው ይወጣሉ።
# በካውያ ይተኮሳል።

ሲያልቅ ከውጭ የውጩ ጨርቅ፣ በውስጥ መሐሉ ላይ የገበሩ ፊት፣ ከግራና ከቀኝ ሁለቱ ኪሶች ይታያሉ። የገበሩ አጫጭር ጠርዞች በኪሶቹ ውስጥ ይደበቃሉ። ሥራው የጀማሪ ከሆነ መጀመሪያ በአሮጌ አንሶላ ቁራጭ ሙከራ ማድረግ ይጠቅማል፤ አራተኛውና ስምንተኛው ደረጃ በቃል ከሚገለጹት ይልቅ በእጅ ሲሞከሩ ይበልጥ ግልጽ ናቸውና።

=== ያለ ገበር ===

ለወፍራም ጨርቅ ገበር ባይኖርም ይሆናል። አራቱም ጠርዞች ወደ ጀርባ ታጥፈው ይቀመቀማሉ። ቀጥሎ ሁለቱ ጫፎች ወደ ጀርባው በኩል 7 ሴ.ሜ. ይታጠፉና ከላይና ከታች ከጠርዙ 0.3 ሴ.ሜ. ገባ ብሎ በፊት በኩል ይሰፋሉ። ይህ ስፌት ከላይና ከታች በድምሩ 0.6 ሴ.ሜ. ከውስጡ ቦታ ስለሚወስድ ቁመቱ በዚያው ልክ መጨመር አለበት። ለኤ5 ደብተር ያለቀው ቁመት 22.2 ሴ.ሜ. ይሆናል። ከላይና ከታች 1.5 ሴ.ሜ. ቅምቅማት ሲጨመርበት የሚቆረጠው 25.2 ሴ.ሜ. ነው። አግድሙ እንደ በፊቱ 48.4 ሴ.ሜ. ነው።

=== በእጅ ===

የስፌት መኪና ከሌለ በእጅ መስፋት ይቻላል። የሚመረጠው መርፌው በእያንዳንዱ ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚወጋበት ስፌት ነው። እንዲህ ያለው ስፌት እንደ መኪና ስፌት ያለ ክፍተት ስለሚሄድ ሲጎተት አይላላም። ወደ ፊት ብቻ የሚሄደው ሽልል ስፌት ለጊዜው ለመያዝ እንጂ ኪስን ለመሸከም አይበቃም። ክሩ በሰም ቢታሽ አይወሳሰብም።

== ጌጥና ተጨማሪዎች ==

ጥልፍ፣ ጥለት ወይም ስም የሚደረገው ሽፋኑ ከመሰፋቱ በፊት ነው። የውጩ ጨርቅ ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ ሲዘረጋ፣ እንደ አማርኛ ከግራ ወደ ቀኝ ለሚጻፍ ደብተር የፊት ሽፋኑ የሚውለው በቀኝ በኩል ነው። ከቀኝ ወደ ግራ ለሚጻፍ የዐረብኛ ወይም የዕብራይስጥ ደብተር ደግሞ በግራ በኩል ይሆናል። በምሳሌው ልክ የፊት ሽፋኑ መሐል ከቀኙ ጥሬ ጠርዝ 16 ሴ.ሜ. ያህል ይርቃል። ይህን ያልለየ ሰው ጥልፉን በኋላ ሽፋን ወይም በኪሱ ውስጥ ሊያስቀረው ይችላል።

መዝጊያ ላስቲክ የሚገባው በአራተኛው ደረጃ፣ ጫፎቹ ወደ መሐል ከመታጠፋቸው በፊት ነው። በኋላ ሽፋኑ በኩል ከእጥፋቱ 3 ሴ.ሜ. ገደማ ገባ ብሎ ከላይ ወደ ታች ይዘረጋና ጫፎቹ በስፌቱ ውስጥ ይያዛሉ። ከሽፋኑ ቁመት አንድ ሴንቲሜትር ያህል ቢያጥር ደብተሩን አጥብቆ ይዘጋል። ከዚያ በላይ ካጠረ የደብተሩን ሽፋን ያጎብጣል። የገጽ ምልክት ጥብጣብም በዚሁ ደረጃ በጀርባው መሐል ከላይኛው ስፌት ይያዛል።

== ዓይነቶች ==

* '''ልክ የተሰፋ'''፦ ለአንድ መጠንና ውፍረት ብቻ የሚሆን ነው። ከሁሉም ይበልጥ ጸንቶ ይቀመጣል።
* '''በአንድ ጫፍ ነጻ'''፦ የፊተኛው ኪስ ይሰፋል፤ የኋላው ጫፍ ግን ሳይሰፋ ረዘም ብሎ ይተዋል። ይህ ጫፍ በመጽሐፉ ኋላ ሽፋን ላይ ታጥፎ ከላይ ወደ ታች በተሰፋ ጠባብ መያዣ ሥር ይሾልካል። መጽሐፉ ሲወፍር እጥፋቱ ያጥራል፣ ሲሳሳ ይረዝማል። የጃፓን የኪስ መጻሕፍት ሽፋን ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው።
* '''የሚለጠጥ'''፦ በሚለጠጥ ጨርቅ የሚሠራና ለተለያየ መጠን የሚዘረጋ ነው። ለስላሳ ሽፋን ላለው ደብተር አይስማማም፤ ስቦ ይጠቀልለዋል።
* '''ባለ ዚፕ'''፦ ደብተሩን በዙሪያው የሚዘጋና እስክሪብቶና ወረቀት አብሮ የሚይዝ ነው። ከሁሉም ይበልጥ ሙያ ይጠይቃል።

== የተለመዱ ስሕተቶች ==

ደብተሩ ሲገባ የሚዘጋው በግድ ከሆነ መላወሻው አንሷል ወይም የተለካው ተዘርግቶ ነው። ሽፋኑ ላይ ተፈትቶ መስፋት ባያስፈልግም፣ ያን ሽፋን ለቀጠነ ደብተር ማዋል ይቻላል። ደብተሩ ከላይ ወደ ታች የሚንሸራተት ከሆነ ቁመቱ በዝቷል፤ ሽፋኑን ገልብጦ የታችኛውን ስፌት ግማሽ ሴንቲሜትር ወደ ውስጥ ደግሞ በመስፋት ይስተካከላል። ማዕዘኖቹ ደንድነው ከታዩ የስፌቱ ትርፍ አልተቀነሰም። ከላይ ወይም ከታች ጠርዙ ከተሸበሸበ ደግሞ የገበሩና የውጩ ጨርቅ ቁመት እኩል አልነበረም፣ ወይም አንዱ ሳይታጠብ ተቆርጧል።

== አያያዝ ==

ሽፋኑ ከደብተሩ ወልቆ በለብታ ውኃና በሳሙና ይታጠባል። ቀለሙ ሊለቅ የሚችል አዲስ ጨርቅ ለብቻው ይታጠባል፤ ቀለም የሚለቅ ሽፋን በእርጥብ እጅ ሲያዝ ደብተሩንና ቦርሳውን ይበክላል። ፈጽሞ ሳይደርቅ ወደ ደብተሩ መመለስ የለበትም። እርጥበት የካርቶኑን ሽፋን ያጎብጣል፣ በክረምት ወራትም ሻጋታ ያመጣል።

ጨርቅ ውኃ ይመጣል እንጂ አያግድም። ስለዚህ የጨርቅ ሽፋን ደብተርን ከአቧራ፣ ከመፋተግ፣ ከማዕዘን መቀደድና ከእጅ ቅባት ይጠብቃል፤ ከዝናብ ግን አያድንም። በዝናብ ለሚጓዝ ተማሪ ውኃ የማያስገባ ቦርሳ ወይም ከሽፋኑ ውጭ ሌላ ላስቲክ ያስፈልገዋል። ለረጅም ዘመን የሚቀመጥ ደብተርም በየጊዜው ሽፋኑ ወልቆ ቢፈተሽ ይመረጣል፤ አቧራና ነፍሳት በኪሱ ውስጥ ሊሸሸጉ ይችላሉና።

የማዕዘኑ ጨርቅ ሲበላ ሽፋኑ ሁሉ አይጣልም። ከውጭ በኩል ትንሽ የሦስት ማዕዘን ጨርቅ በየማዕዘኑ ይደረባል። በዚህ መንገድ አንድ ሽፋን ለተከታታይ የትምህርት ዓመታት ሊያገለግል ይችላል፤ በየዓመቱ የሚለወጠው በውስጡ ያለው ደብተር ብቻ ይሆናል።